ወደ ታች የማትወርደው ቀስትና ሱሉልታ የቀረው ቤተሰቤ

ለክቡር የአምስቱ ሰፈሮች የውሃ ተጠቃሚዎች ኅብረት ሥራ አስኪያጅ
ሰበታ ዳርቻ

ጉዳዩ፦ ምስጋና ስለማቅረብ

ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣

ይህ ደብዳቤ እጅዎ ሲገባ እርስዎም፣ የተከበሩ ቤተሰብዎም፣ ላይ ሰፈር በሚገኘው ግቢዎ ያለው ጽድና ጽጌረዳም በሙሉ ጤንነት እንዲገኙ ከልብ እመኛለሁ። እኔ ለጤናዬ ደህና ነኝ። ቀደም ሲል በዚህ ጉዳይ ወደ ቢሮዎ ስመጣ እናደድ ነበር፤ ድምፄም ከፍ ይል ነበር። አሁን ይህ ሁሉ ትቶኛል፤ ስለዚህ ስለ እርስዎም ሆነ ስለ እኔ ደም ግፊት ሳይሠጉ ተረጋግተው እንዲያነቡልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ስሜ አትክልት ዱባለ ነው። የወፍጮ ሰፈር ነዋሪና የኅብረትዎ ደንበኛ ስሆን፣ አለም ገና አካባቢ በሚገኝ አንድ ድርጅት የኮምፒውተር ጥገና ባለሙያ ሆኜ እሠራለሁ። ውሃ የምጠይቀው በስሜ ምክንያት አለመሆኑንም አስቀድሜ ላስታውቅ እወዳለሁ። ይህን ቀልድ የቢሮዎ ዘበኛ በመጣሁ ቁጥር ስለሚያነሡት፣ በመጀመሪያ ስቄ፣ ቀጥሎ ፈገግ ብዬ፣ አሁን ደግሞ መታወቂያዬን አስረክቤ ዝም ብዬ ነው የምገባው።

የምጽፍልዎ ስለ አንዲት ቁልፍ ነው። የበር ቁልፍ አይደለችም፤ በኮምፒውተር ኪቦርድ ላይ በስተቀኝ ከታች የምትገኝ፣ ወደ ታች የሚያመለክት ቀስት ያለባት ትንሽ ቁልፍ ናት። ይህች ቁልፍ ሥራዋን ከተወች ወዲህ ባለቤቴ ሔለንና ልጃችን ሄመን ሱሉልታ፣ እኔ ሰበታ እንኖራለን። ደብዳቤው ግልጽ እንደመሆኑ፣ በማስታወቂያ ሰሌዳዎና በሰፈሮቹ የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ስለሚወጣ፣ ነገሩን የማያውቅ አንባቢም ሊያየው ይችላል፤ ክቡርነትዎ አሳምረው የሚያውቁትን ጥቂት ብደግም ይቅርታ ያድርጉልኝ።

ኅብረታችን አንድ የውሃ ጉድጓድ፣ አንድ ትልቅ ታንከርና አምስት ሰፈሮች አሉት። ውሃው ለሁሉም በአንድ ጊዜ ስለማይበቃ በፈረቃ ይለቀቃል። ጥንት መስመሮቹ የሚከፈቱት በእጅ በሚዞር መዘውር ነበር። በኋላ ዘመናዊ አሠራር ተዘረጋና ቢሮ ቁጭ ብሎ በኮምፒውተር ማዘዝ ተቻለ፤ መዘውሮቹም እንዳይሰረቁ ተብሎ ተነቅለው መጋዘን ገቡ፤ የመጋዘኑን ቁልፍ የያዙት ሰው ወደ ሌላ መሥሪያ ቤት ተዛወሩ። የኮምፒውተሩ ሥራ ቀላል ነበር። የሙያው ሰዎች ተርሚናል የምንለው፣ ሥዕልም ጌጥም የሌለበት ጥቁር መስኮት አለ። በእሱ ላይ የሰፈሮቹ ስም በነጭ ፊደል ከላይ ወደ ታች ተደርድሯል። ኦፕሬተሩ ጂሬኛ የታች ቀስቷን እየነካ ወደ ተረኛው ሰፈር ይወርድና ኢንተር የሚባለውን ቁልፍ ይጫናል፤ ውሃው ይለቀቃል። ላይ ሰፈር አንደኛ ነው፤ እኛ አራተኛ ነን። እስከ መስቀል ማግስት ድረስ እኛ ዘንድ መውረድ ለማንም ከባድ አልነበረም።

በዚያው ሰሞን ሔለን ሱሉልታ እናቷ ዘንድ ሄዳ ተገላግላ፣ የአራስነቷን ጊዜ ጨርሳ፣ ወደ ቤቷ ለመመለስ ዕቃዋን ጠቅልላ ነበር። አማቴ ወይዘሮ ደጊቱ ግን የውሃውን ነገር ሲሰሙ፣ የልጅ ልጃቸው በጋሪ እየተጫነ በሚሸጥ ውሃ እንደማትታጠብ፣ ቧንቧው ውሃ ባገኘ ዕለት ግን እናትና ልጅን ራሳቸው ይዘው እንደሚመጡ ነገሩኝ። የተናገሩትን የሚያደርጉ ሴት ናቸው። እኔም ነገሩ የኮምፒውተር ስለሆነና ኮምፒውተር ደግሞ ሙያዬ ስለሆነ፣ በሳምንት ውስጥ ይስተካከላል ብዬ ለሔለን ቃል ገባሁ። እነሆ ፋሲካ እየደረሰ ነው።

ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ ስለ ማሻሻያው አመሰግናለሁ። በመስቀል ማግስት በበርዎ ላይ የተለጠፈው ማስታወቂያ «ሲስተሙ ስለተሻሻለ ለጊዜው አገልግሎት አንሰጥም» ይላል። እስከ ዛሬ ድረስ አልተነሣም፤ ጠርዙ በፀሐይ ተጠቅልሏል። ከማሻሻያው በኋላ ጂሬኛ የታች ቀስቷን ሲነካት ወደ ሁለተኛው ሰፈር መውረድ ትታ፣ ባርኔጣ የመሰለ ምልክት፣ ሁለት ቅንፍና አንድ የላቲን ፊደል ጻፈች። ያንን ለማጥፋት የማጥፊያውን ቁልፍ ሲነካ እሱም በተራው ሌላ ባርኔጣ ጨመረ። ተስፋ ቆርጦ ኢንተር ሲጫን፣ ፕሮግራሙ እንዲህ የሚባል ሰፈር አላውቅም አለና ወደ አንደኛው መስመር ተመልሶ እሱን ከፈተ። አንደኛው መስመር ላይ ሰፈር ነው። ስለዚህ ላይ ሰፈር ውሃ አገኘ፤ በማግስቱም አገኘ፤ ከዚያ ወዲያ ሲያገኝ ይውላል፣ ሲያገኝ ያድራል። የላይ ሰፈር ነዋሪዎች ደጃቸው ረግረግ በመሆኑና የአጥራቸው ሥር በመቦርቦሩ አቤቱታ ማስገባታቸውን ሰምቻለሁ። ችግራቸውን ከልብ እጋራለሁ።

ሁለተኛ፤ ኪቦርዱን ለመፈወስ ስላደረጉት ጥረት አመሰግናለሁ። በአበው አነጋገር አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይባላል፤ ማሻሻያውን ማንም ሳይናገረው ጥፋቱ ሁሉ በኪቦርዱ ላይ ወደቀ። በመጀመሪያ ቁልፏ ተነቅላ በአልኮል ታጠበች። ቀጥሎ ከሒሳብ ክፍል ኪቦርድ በውሰት መጣ። ባርኔጣ ጻፈ። ከዚያ የኪቦርድ ጉዳይ አጣሪ ኮሚቴ ተቋቋመ፤ አባላቱ ሰብሳቢውን ለመምረጥ የተቀመጡበትን ረጅም ስብሰባ በር ላይ ሆኜ ስጠብቅ ስለነበር በአካል እመሰክራለሁ። በኮሚቴው ውሳኔ መሠረት ፕሮፎርማ ተሰብስቦ አዲስ ኪቦርድ ተገዛ፤ የሰፈር ተወካዮች በተገኙበት ከካርቶኑ ወጣ፤ ተጨበጨበም። አዲሱም ባርኔጣ ጻፈ። በመጨረሻ የታች ቀስቷ ላይ ፕላስተር ተለጥፎ «መንካት ክልክል ነው» ተባለበት፤ ችግሩም በሪፖርት ላይ ተቀርፏል ተብሎ ተመዘገበ።

ሦስተኛ፤ ሙያዬን እንዳበረክት ስለፈቀዱልኝ አመሰግናለሁ። ከብዙ ምልልስ በኋላ በአንድ ቅዳሜ ጠዋት ከጂሬኛ ጎን ወንበር ተሰጠኝ። ጂሬኛ በኮምፒውተር ሳይንስ የተመረቀ፣ ሥራውን የሚወድ ወጣት ነው። ነገሩ ከኪቦርዱ እንዳልሆነ ገና በመጀመሪያው ቀን ለአለቆቹ ተናግሮ እንደነበር፣ ኮሚቴ በያዘው ጉዳይ አስተያየት መስጠት የዲሲፕሊን ጉድለት መሆኑ በጨዋ ደንብ እንደተነገረው አጫወተኝ። አብረን ተያያዝነው። የእሱን ኪቦርድ በጸሐፊዋ ኮምፒውተር ላይ ሰካነው፤ ቀስቷ ያለ አንዳች እንከን ወረደች፣ ወጣች። የጸሐፊዋን እዚህ ሰካነው፤ ባርኔጣ ጻፈ። ኪቦርዱ ንጹሕ መሆኑ በዚህ ተረጋገጠ። ቀጥለን ማሻሻያው የነካውን ፈለግን። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ፕሮግራሙ ሥራ ሲጀምር ያለበት መስኮት ምን ዓይነት እንደሆነ ይጠይቃል፤ ባገኘው መልስ መሠረት ከቁልፎቹ የሚመጣለትን ምልክት ይተረጉማል። ማሻሻያው ያንን መልስ ለውጦ የሌላ ዓይነት መስኮት ስም አስቀምጦበታል። ቀስቷ ዛሬም የምትልከው የድሮውን ምልክት ነው፤ ፕሮግራሙ ግን ስለማያውቀው ምልክቱን እንደ ተራ ጽሑፍ ይለጥፈዋል። ትክክለኛውን ስም በአንዲት መስመር ጻፍኩና ፕሮግራሙን እንደገና ከፈትነው። ጂሬኛ ፕላስተሩን አንሥቶ ቀስቷን ነካት። «ኦቦ አትክልት፣ ወረደች!» ብሎ ከወንበሩ ተነሣ።

ያቺ መስመር የምታገለግለው ኮምፒውተሩ እስኪጠፋ ብቻ መሆኑን፣ ለዘለቄታው ለማስቀመጥ ግን ማሻሻያውን የጫነው ድርጅት የያዘው የይለፍ ቃል እንደሚያስፈልግ በዚያው ሰዓት ለክቡርነትዎ አስረዳሁ። እርስዎም በጣም ጥሩ ነው ብለው ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። ወጥቼ ለሔለን ደወልኩ። ውሃ መጥቷል አልኳት። ወፍጮ ሰፈር እስኪደርስ ጠብቄ፣ በዓይኔ አይቼ መደወል ነበረብኝ፤ አልጠበቅሁም። አማቴ ቃላቸውን አክብረው ተነሡ። ከሱሉልታ አዲሱ ገበያ፣ ከአዲሱ ገበያ አየር ጤና፣ ከአየር ጤና ሰበታ፣ ሕፃኗን፣ የሕፃኗን ልብስ፣ የገንፎውን ዱቄትና ቅቤውን ይዘው በሚኒባስ እየተቀባበሉ መጡ። እነሱ መንገድ ላይ ሳሉ ግን መብራት ጠፍቶ ተመለሰ። ኮምፒውተሩም ጠፍቶ ተነሣ፤ መስመሯ የለችም። ጂሬኛ መልሶ ሊጽፋት ሲል፣ መስመሯ በኮሚቴው ያልጸደቀች በመሆኗ እንዲታቀብ ተነገረው፤ ፕላስተሩም ወደ ቦታው ተመለሰ።

ወይዘሮ ደጊቱ ቤቴ እንደገቡ ነጠላቸውን ሳያወርዱ ቧንቧውን ከፈቱ። ቧንቧው ተነፈሰ። ውሃው የት እንዳለ በኦሮምኛ ጠየቁኝ፤ ያልሰማሁ መስሏቸው በአማርኛ ደገሙልኝ። ሔለን አልተቆጣችም። ሄመንን ከጀርባዋ ሳታወርድ ቤቱን ዞራ አየችው፤ የገዛሁላትን ትንሽ አልጋ ነካ አደረገችው፤ ሳይመሽብን እንሂድ አለች። እስከ አየር ጤና ሸኘኋቸው። ሚኒባሱ እስኪሞላ ድረስ ሁላችንም ስለ ሌላ ነገር ስናወራ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ ስለ ውሃ የምነግራትን ሁሉ «እሺ» ትለኛለች፤ ስለ አየር ሁኔታ እንደነገርኳት ያህል።

አራተኛ፤ ስለ ማስጠንቀቂያው አመሰግናለሁ። የውጭ ሰው እጅ በኅብረቱ ሲስተም ውስጥ መግባቱን የሚጠቅስና ድርጊቱ እንዳይደገም የሚያሳስበው ደብዳቤ ደርሶኛል። ወረቀቱ ጥሩ ነው።

አምስተኛ፤ ስለ ዕጣው አመሰግናለሁ፤ ይህ ከሁሉ የበለጠው ነው። ቀስቷ ወደ ሰፈሮቹ መውረድ ካልቻለች ሰፈሮቹ ወደ እሷ ይውጡ የሚለው የክቡርነትዎ ሐሳብ በጠቅላላ ጉባኤው ላይ በሽማግሌዎች ምርቃት ሲጸድቅ እኔም ከኋላ ተቀምጬ እጄን አውጥቻለሁ። አሠራሩ እንደ እቁብ ነው። በየሳምንቱ በቢሮዎ በረንዳ ላይ ዕጣ ይወጣል፤ ዕጣ የወጣለት ሰፈር ስሙ ከዝርዝሩ አናት ላይ እንዲሰፍር በማኅተም የተደገፈ ደብዳቤ አዲስ አበባ ላለው፣ ማሻሻያውን ለጫነው ድርጅት ይጻፋል፤ ድርጅቱ ስሙን ያወጣል፤ ጂሬኛ ቀስቷን ሳይነካ ኢንተርን ይጫናል። የበላ ሰፈር ሌሎቹ በልተው እስኪጨርሱ ይጠብቃል። ሰርግ ወይም ለቅሶ ያለበት ደግሞ እንደ ማንኛውም የእቁብ ወግ ዕጣ ለምኖ ይወስዳል። ደብዳቤው የሚፈረመው እርስዎ ከስብሰባ ሲመለሱ ስለሆነ ሳምንቱ አንዳንዴ ወር ይሆናል።

አንድ ነገር ከነከነኝና ለድርጅቱ ራሴ ደወልኩ። የሰፈሮቹን ስም ከታች ወደ ላይ እያመላለሱ ከሚደክሙ፣ የመስኮቱን ስም አንዴ አስተካክለው ቀስቷን ወደ ቀድሞ ሥራዋ ቢመልሷት ምን እንደሚቸግራቸው ጠየቅሁ። ምንም አይቸግረንም፣ ሻይ ተቀድቶ ሳይቀዘቅዝ የሚያልቅ ሥራ ነው፣ ግን ማንም አልጠየቀንም አሉኝ። ይህንኑ ይዤ ወደ እርስዎ ስመጣ፣ በሩን ዘግተው እንደ ወንድም ያስረዱኝን አልረሳውም፤ ማሻሻያውን ያለ ጉድለት ተረክበናል ብለው በወቅቱ እንደፈረሙ፣ አሁን ጉድለት አለው ብሎ መጻፍ ራስን መክሰስ እንደሚሆን፣ እኔም የቤተሰብ ኃላፊ ስለሆንኩ እንደሚገባኝ ነገሩኝ። ገብቶኛል። ስለዚህ ቀስቷ እንዳትወርድ የሚጻፉት ደብዳቤዎች፣ ቀስቷን ከሚያወርደው ከአንዱ ደብዳቤ ይልቅ ለእርስዎ የሚመቹ ናቸው። በዚያን ዕለት ያቀረቡልኝ ሻይ የተፈላበት ውሃ ከላይ ሰፈር መምጣቱንም አልጠየቅሁም።

ዕጣው ለወፍጮ ሰፈር አንድ ጊዜ ወጥቶ ነበር። የሰፈራችን ተወካይ ጎረቤቴ ዲኖ ነው፤ ሱቅ አለው፤ የሰው ፊት አይቶ እምቢ ማለት የማይችል ደግ ሰው ነው። በዚያው ሳምንት ግራር ሰፈር ትልቅ ሰርግ ስለነበር የሙሽራው አባት መጥተው ዕጣውን ለመኑት፤ እሱም ሰጠ። ማታ ቤቴ ድረስ መጥቶ «አቲ፣ አፉ በለኝ፣ ሰርግ ላለበት ሰው እምቢ አይባልም» አለኝ። እውነቱን ነው፤ እኔም በእሱ ቦታ ብሆን እምቢ አልልም ነበር፤ አልተቀየምኩትም። ራሱ ዲኖ ግን እኔም ዕጣ የመለመን መብት እንዳለኝ፣ ልጅ ወደ ቤቷ መግባት ከሰርግ እንደማያንስ መከረኝና የዕጣውንም ጉዳይ ደርቦ በያዘው በዚያው በኪቦርዱ ኮሚቴ ፊት አብሮኝ ቀረበ።

ክቡርነትዎ ውሳኔውን ያስታውሱታል፤ ሰብሳቢው እርስዎ ነበሩ። ኮሚቴው ሕፃን ያለበት ቤት ቅድሚያ እንደሚሰጠው በመርህ ደረጃ ተቀበለ። ቅድሚያው የሚሰጠው ግን ሕፃኑ በቤቱ መኖሩ ሲረጋገጥ ነው አለ። ልጄ በቤቷ የሌለችው ውሃ ስለሌለ ነው አልኩ። ውሃ የማይሰጠው ልጅቷ ስለሌለች ነው አሉኝ። ዲኖ ሊናገር ብድግ ብሎ መልሶ ተቀመጠ። እኔ ይህን ነገር በአእምሮዬ ለማዞር ሞከርኩና ጂሬኛ ቀስቷን ሲነካ የሚሰማው ምን እንደሆነ ያን ዕለት ገባኝ፤ የትኛውንም ብነካ የሚመለስልኝ አንድ ዓይነት ነበር። አመስግኜ ወጣሁ። ዘበኛው በር ላይ ስለ ስሜ የተለመደውን ተናገሩ።

ስድስተኛ፤ ስለ ትዕግሥት አመሰግናለሁ። በየእሑዱ ሱሉልታ እሄዳለሁ። ጠዋት ሯጮቹ በአስፋልቱ ዳር ሲያልፉ ሄመን በመስኮት እያየች ታጨበጭብላቸዋለች። መዳህ ጀምራለች። አማቴን ታውቃቸዋለች፤ የጎረቤቱን ውሻ ታውቀዋለች፤ እኔን ግን ብስኩት ይዞ የሚመጣ እንግዳ እንደሚታይ ነው የምታየኝ። አትሸሸኝም፤ ጨዋ ልጅ ናት። እቅፍ ሳደርጋት ትንሽ ትቆይና ወደ እናቷ እጇን ትዘረጋለች። ሔለን ባለፈው እሑድ እዚያው ሱሉልታ በአንድ የልብስ ስፌት ቤት ሥራ እንዳገኘች፣ ከትንሣኤ በኋላ እንደምትጀምር ነገረችኝ። ጥሩ ነው አልኳት። በእርግጥም ጥሩ ነው። የምትጠብቀው ነገር የሌላት ሰው ሥራ መጀመሯ ተገቢ ነው። በሚኒባሱ ስመለስ ማዘን እንዳለብኝ አውቅ ነበር። ጠበቅሁት፤ አልመጣም። ክቡርነትዎ፣ ከውሃው መቅረት ይልቅ የፈራሁት የዚያን መቅረት ነው። ልጄ ሌላ ከተማ እያደገች፣ ባለቤቴ በእኔ ቃል ዕቃዋን የማትጠቀልል ሆና ሳለ፣ እኔ በመስኮት እያየሁ አየር ጤና ስንት ሰዓት እንደምንደርስ ነበር የማስበው።

ከዚህ ሁሉ ምስጋና በኋላ አንዲት ልመና ብቻ አለችኝ። መዘውሮቹ ይመለሱ አልልም፤ ኮሚቴው ይፍረስም አልልም፤ ፕላስተሩም እንዲላጥ አልጠይቅም። ለድርጅቱ አንዲት ደብዳቤ ይጻፉልኝ። ጉድለት የሚለውን ቃል እንዳይጠቀሙ እኔ ራሴ አረቅቅልዎታለሁ፤ «ማሻሻያውን የበለጠ ለማሻሻል» ማለት ይቻላል፤ ማንም አይከሰስበትም። ጂሬኛ ሦስት ጊዜ ወደ ታች ይወርዳል። ሔለንም በስፌት ቤቱ ሥራ ከመጀመሯ በፊት ቤቷን አንድ ጊዜ ውሃ እየፈሰሰበት ታየዋለች። ከዚያ በኋላ መምጣትም መቅረትም የእሷ ፈንታ ይሆናል፤ አሁን ግን ምርጫው የእርስዎ ሆኖ እንዲቀመጥ ያደረገው ነገር ምን እንደሆነ ላስረዳት አልቻልኩም።

ለሰጡኝ ወንበር፣ ለላኩልኝ ማስጠንቀቂያ፣ ለጋበዙኝ ሻይና ላስተማሩኝ ዝምታ ባለውለታዎ መሆኔን እየገለጽኩ፣ ሥልጣንዎ እንዲጸና፣ ጽጌረዳዎ እንዲያብብ፣ እጅዎም ለፊርማ እንዲፈታ እመኛለሁ።

በታላቅ አክብሮት፣ ከዝርዝሩ አራተኛ መስመር፣

አትክልት ዱባለ
ወፍጮ ሰፈር

ግልባጭ፦
ለኪቦርድ ጉዳይ አጣሪ ኮሚቴ
ለላይ ሰፈር ነዋሪዎች፣ ከጎርፍ እንዲጠበቁ ከመልካም ምኞት ጋር
ለወይዘሮ ደጊቱ፣ ሱሉልታ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ደብዳቤ ጽፌ ሳልለጥፈው የወፍጮ ሰፈር ዕጣ ወጣ፤ ሰርግም ለቅሶም በየትም ሰፈር አልገጠመም፤ ትናንት ከሰዓት በኋላ ውሃ መጣ። ባልዲውን፣ ጀሪካኑን፣ ድስቱን፣ የሄመንን መታጠቢያ ሳፋ ሳይቀር ሞላሁ። ከዚያ ለሔለን ደወልኩና ምንም ሳልናገር ስልኩን ቧንቧው ሥር ያዝኩላት። ጥቂት አዳመጠች። ከዚያም ያለ ቁጣ፣ ላይ ሰፈር ማን ቤት ሄጄ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ስለሆነም ውሃው የፈሰሰው በገዛ ቤቴ መሆኑን የሚያረጋግጥ፣ የጽሕፈት ቤትዎ ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ለባለቤቴ እንዲጻፍልኝ በትሕትና እለምናለሁ። እስኪፈረም ድረስ ውሃው እንደሚሄድ አውቃለሁ፤ ቢሆንም ይጻፍልኝ፤ የእኔን ቃል ከእንግዲህ አትቀበልም።